ደሴ ላይ የደረቀው ጠጅ ሳር፦ ተክሉ አይነቀል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ

ጥያቄ፦ «በሰኔ ከኮምቦልቻ ዘመዶቼ ጓሮ አንድ ትልቅ እግር ጠጅ ሳር አምጥቼ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ተከልኩ። ክረምቱን አረንጓዴ እንደሆነ ከረመ፣ ግን ብዙም አላደገም። ከኅዳር ወዲህ ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ መጥቶ አሁን በታኅሣሥ ገለባ መስሏል። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ጠዋትና ማታ አጠጣሁት፣ ከበረት የወጣ ፍግም ጨመርኩበት፤ ባሰበት። ሞቷል ማለት ነው? ኮምቦልቻ የቀረው እኮ አሁንም ለምለም ነው። ሌላው፣ እናቴ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች። ጠጅ ሳር ግፊት ያወርዳል ብለዋት ጠዋትና ማታ እያፈላች ትጠጣለች፤ ኪኒኑን ልተወው እያለች ነው። ለምግብ የሚገባውስ ቅጠሉ ነው ወይስ ግንዱ? ዘመዶቼ ደግሞ ትንኝ ያባርራል ብለው በራቸው ላይ ደርድረውታል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦ የእናትዎ ጉዳይ ጊዜ ስለማይሰጥ ከእሱ ልጀምር። ኪኒኑ በጠጅ ሳር አይተካም፤ አይቋረጥ። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

ተክሉን በተመለከተ፣ ችግሩ ጥማት አይደለም። ብርድ መታው፣ በብርዱ ላይ ደግሞ ውሃና ጥሬ ፍግ ተጨመረበት። ጠጅ ሳር መነሻው ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል። ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ አየር ውስጥ በየሳምንቱ ዓይን የሚሞላ ዕድገት ያሳያል። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ይቆማል፣ ውርጭ ሲያርፍበት ቅጠሉ ይነድዳል። ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ልዩነት ይመጣል። ለሰው ይህ ጋቢ የመደረብ ያህል ነው፤ ለጠጅ ሳር ግን ዓመቱን ሙሉ በማደግና ለወራት ደንዝዞ በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ነው። የኮምቦልቻው ለምለም መሆኑ የእርስዎን አያያዝ አያስወቅስም።

ደሴ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ግቢ እኩል አይበርድም። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከጦሳ ተራራ ተረተር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና በረባዳው ቦታ ይተኛል። ከታች በኩል በግንብ አጥር የተዘጋ ተዳፋት ግቢ ብርዱን ያጠራቅመዋል፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ምንም ሳይሆን የእርስዎ ሊነድድ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የተተከለበትን ቦታ ይዩ። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ ግድግዳ ሥር ያለ መሬት ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ግድግዳውም የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ከቤቱ ሰሜን በኩል ወይም ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ከተተከለ ግን ምንም ቢንከባከቡት ቅጠሉ ቀጥኖ ሽታውም ደክሞ ይቀራል።

የተከላው ወርም አላገዘውም። ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ ሲገባ መትከል ትክክል ነው፤ መሬቱ ሞቃት ስለሆነ ሥሩ በሦስት አራት ሳምንት ይይዛል። ደሴ ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጉምና ብርድ ናቸው፤ አፈሩ ረግቶ ይቀዘቅዛል፣ ግንጣዩ ሥር ሳይሰድድ ክረምቱ ያልቃል። «አረንጓዴ ሆኖ ከረመ፣ ግን አላደገም» ያሉት ይህንን ነው። ከዚያ መስከረምና ጥቅምት ላይ ትንሽ ሲነቃቃ፣ ኅዳር ላይ ውርጩ በጥልቀት ያልያዘ ሥር ላይ አገኘው። ለደሴ ትክክለኛው ጊዜ ብርዱ ካለፈ በኋላ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው። በልግ ከጣለ ጥሩ፤ ካልጣለ በሳምንት ሁለቴ እያጠጡ ማስያዝ ነው። ያኔ ክረምቱ ሲገባ ተክሉ የሁለት ሦስት ወር ሥር ይዞ ይጠብቀዋል።

ሞቷል ወይ ላሉት፣ ቅጠሉን አይተው አይፍረዱ። የሚያበቅለው ዓይን ያለው ከመሬቱ ጥግ፣ በነጩ ግንድ እምብርት ውስጥ ነው። ከዳር ያለ አንድ ግንድ ይምረጡና የደረቀውን ሽፋን በጥፍርዎ ይላጡ። ውስጡ ነጭ፣ ጠንካራና የሎሚ ሽታ ያለው ከሆነ ሕያው ነው። ቡናማ ሆኖ ከላላና የበሰበሰ ሽታ ካለው ያ ግንድ አልቆለታል፤ ጎኑ ያለው ግን ደህና ሊሆን ስለሚችል አራት አምስቱን ይፈትሹ። ሁሉም ከበሰበሱ ብቻ ነው የሚነቀለው።

ሕያው ከሆነ አሁን የሚደረገው ነገር ጥቂት ነው፣ አብዛኛውም መተው ነው። የጠዋትና የማታው ውሃ ይቁም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እዚያ ድረስ ሲደርቅ ብቻ፣ በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ረፋድ ላይ ያጠጡ። በደነዘዘ ሥር ላይ የሚቆም ውሃ አየር ያሳጣዋል፤ ብስባሴው የሚጀምረው ከዚያ ነው። መሬትዎ መረሬ ከሆነ ደግሞ በእጥፍ ይጠንቀቁ። በተቃራኒው አፈሩ ፍጹም አቧራ እንዲሆንም አይፍቀዱ፤ ለስለስ ያለ እርጥበት ያለው መሬት የቀኑን ሙቀት ከደረቅ መሬት የተሻለ ይይዛል። ፍጉን በእጅዎ ከግንዱ ዙሪያ አንስተው ሌላ ቦታ ይከምሩት። ጥሬ ፍግ ጨውና አሞኒያ ስላለው የደከመ ሥር ያቃጥላል፤ ደግሞም በብርድ የቆመ ተክል ማዳበሪያ አይስብም። ሰው ሁሉ የታመመ ተክል ሲያይ ማብላት ይቀናዋል፤ ለጠጅ ሳር ግን ምግብ የሚሰጠው እያደገ ሳለ ነው።

የደረቀውን ቅጠል አሁን አይቁረጡት። ያስጠላል፣ ግን ለእምብርቱ ብርድ ልብሱ እሱ ነው። በዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የጤፍ ገለባ ያንጥፉ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባመሸ ቁጥር ጆንያ ይደርቡበትና ፀሐይ ስትወጣ ያንሱ። ላስቲክ አይጠቀሙ፤ ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያስተላልፋል፣ ቀን ደግሞ ያፍናል። የካቲት ሲያልቅ ወይም መጋቢት ሲገባ ሁሉንም ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ትተው በስለታም ማጭድ ይከርክሙት። ጓንት ያድርጉ፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ እጅ ይቀድዳል። አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል ሁለት ሦስት ኪሎ የበሰለ ብስባሽ በዙሪያው ይኮትኩቱለት። ዩሪያ ካለዎት አንድ የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀው፣ አፈር አልብሰው ያጠጡ። ከዚያ በላይ ካደረጉ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ሽታው ግን ይቀጥናል።

በዚሁ በመጋቢት አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ይገንጥሉት። ጠጅ ሳር አበባ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ ዘር መፈለግ ከንቱ ነው፤ የሚራባው በግንጣይ ነው። ዙሪያውን በዶማ ቆፍረው ያንሱ፣ አፈሩን ያራግፉ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ግንድ ያላቸውን ሥር ያላቸው ግንጣዮች በቢላ ይለያዩ። ቅጠሉን 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሥሩን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡ። ቅጠሉ ካልታጠረ ሥሩ ሊመግበው ከሚችለው በላይ ውሃ ይተንና ግንጣዩ ይጠወልጋል። ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር አራርቀው፣ ነጩ ግንድ ግማሹ እስኪሸፈን ብቻ ይትከሉ፤ ጠልቆ የተቀበረ እምብርት ይበሰብሳል። ምድሩ ውሃ የሚያቁር ከሆነ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ። ከገበያ የገዙት ግንድ ታችኛው ጠንካራ ክፍል ካልተቆረጠበት እሱም ይበቅላል፤ ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርገው ያቁሙት፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይለውጡ። በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ደሴ ላይ ሊዘገይ ስለሚችል ሞቅ ካለው የኩሽና መስኮት አጠገብ ያድርጉት።

ኮምቦልቻና ሐርቡ አካባቢ ላሉ ጠያቂዎች በአጭሩ፦ የእናንተ ጠላት ብርድ ሳይሆን የቦርከና ወንዝ ዳር የሚተኛ ውሃና ምስጥ ነው። ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉ፣ በደረቁ ወራት ግንዱን የሚነካ የደረቀ ገለባ አታስጠጉ። በዝናቡ ወራት ቅጠሉ ጀርባ ላይ ብርቱካንማ ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ዋግ ነው፤ የተነካውን ቆርጣችሁ አርቁ፣ ተክሉን አሳሱት፣ ማታ ማታ ከላይ አታጠጡ። በአራት ዓመት ገደማ አንዴ ሙሉውን አንስቶ ገንጥሎ ማደስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መሃሉ ይሞትና ዳር ዳሩ ብቻ ይቀራል።

ለምግብ ሁለቱም ይገባሉ፣ ሥራቸው ግን ይለያል። ቅጠሉ ለሻይና ለመረቅ ማሽተቻ ነው፤ አይበላም፣ ቃጫው አይላምም። ነጩ ግንድ፣ ከታች ያለው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ነው ለወጥና ለሾርባ የሚፈለገው። የመጀመሪያው አጨዳ ከተተከለ ከአራት እስከ ስድስት ወር ነው፤ ደሴ ላይ ወደ ስድስቱ ያዘነብላል። ለግንድ ሲሆን አመልካች ጣት የሚያህል የወፈረውን ከዳር ይዘው ወደ ውጭ ጎንበስ አድርገው ይንቀሉ፤ መሃሉን አይንኩ። ለሻይ ቅጠል ግን ሥሩ ላይ ሳይደርሱ አንድ ስንዝር ትተው ማጨድ ይበቃል። ግንዱ ታችኛው ላይ ቀላ ያለ፣ ሽታውም ከሎሚ ይልቅ ወደ ሳሙና የሚሄድ ከሆነ ዘመዱ የሆነው ሲትሮኔላ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለማጌጫ ይተዉት፣ ድስት ውስጥ አያስገቡት።

ሻዩን ብዙ ሰው የሚያበላሸው በማንተክተክ ነው። ሽታውን የሚሰጠው ሲትራል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ከዘይቱ አብዛኛውን የሚይዘው እሱ ነው፣ በእንፋሎትም ይበንናል። ኩሽናዎ ሁሉ በሎሚ ሽታ ከታወደ ሽታው ከጀበናው ወጥቷል ማለት ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ ክንድ የሚያህሉ ሦስት ወይም አራት እርጥብ ቅጠሎች ቋጥረው ይያዙ፣ ውሃው ሲፈላ ይክተቱ፣ እሳቱን አጥፍተው ከድነው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ዝንጅብል ወይም ቀረፋ ከፈለጉ እነሱን ቀድመው ያፍሉ፤ እነሱ መፍላት ይወዳሉ። ሁልጊዜ ያጥልሉት፤ የቅጠሉ ስብርባሪ ጉሮሮ ይጭራል።

ግንዱ ከዓሣ ጋር ነው ልኩን የሚያገኘው። ለሐይቅ ዓሣ ሾርባ፣ ለአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ሁለት ግንድ ውጩን ልጠው፣ በሙቀጫ ዘነዘና እስኪሰነጠቅ መትተው፣ ከሽንኩርቱና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ይጨምሩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይብሰል፤ ዓሣው በመጨረሻ ይግባ፤ ሲቀርብ ግንዱ ይውጣ። ሩዝ ሲቀቅሉም አንድ የተሰነጠቀ ግንድ ጣል ማድረግ ጥሩ ነው። ቅቤ ሲነጥር የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ይጋርዳል፣ እርጥብ ግንድ ስለሆነም ውሃው ሙሉ በሙሉ ካልተነነ ቅቤው ይሻግታል። የሚጨምሩ ከሆነ ገና ሲቀልጥ አስገብተው አረፋው እስኪጠፋ ጠብቀው ያጥልሉት።

ማድረቅ ከፈለጉ ቅጠሉን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አድርገው ቆራርጠው፣ ሰፌድ ላይ ስስ አድርገው፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ከአራት እስከ ሰባት ቀን ያቆዩት። በእጅ ሲያሹት ጥርቅ ብሎ ሲሰበር ደርሷል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። የደሴ ነሐሴ ጉም ውስጥ አይሞክሩት፤ ይሻግታል፤ ጥቅምትን ይጠብቁ። የሻገተው ተመርጦ አይዳንም፣ ሁሉም ይጣላል።

አሁን ወደ እናትዎ። ጠጅ ሳር በብዙ አገር ለሆድ ንፋት፣ ለጉንፋን፣ ለእንቅልፍ ይጠጣል። ልክ ባለው መጠን ሲጠጣ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው አይጎዳም፤ ከምግብ በኋላ ሆድን ያለዝባል፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ ለመተውም ጥሩ ምትክ ነው። ከዚያ አልፎ የሚባለው ግን ማስረጃው ደካማ ነው። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ውስጥ በሰዎች ላይ የታተመ ጥናት ሻዩ እንቅልፍም እንደማያመጣ፣ ጭንቀትም እንደማይቀንስ ነው ያገኘው። «ካንሰር ይገድላል» የሚለው ወሬ የተነሣው ሲትራል በብልቃጥ ውስጥ ያሉ የካንሰር ሕዋሶችን ገደለ ከሚለው የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ በብልቃጥ ሕዋስ የሚገድል ብዙ ነገር አለ፣ ሰው የሚያድነው ግን ጥቂት ነው። ግፊትን በተመለከተ ሽንት ስለሚያበዛ ለጊዜው ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ኪኒን የሚተካ፣ መጠኑ የታወቀ፣ ሌትና ቀን የሚሠራ መድኃኒት ግን አይደለም። የደም ግፊት ደግሞ ስሜት የለውም፤ እናትዎ «ደህና ነኝ» እያሉ ሽቅብ ሊወጣና በአንድ ቀን አንጎል ላይ ደም ሊፈስ ይችላል።

በሌላ በኩል ከኪኒኑ ጋር በብዛት መጠጣትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤናላፕሪል፣ አምሎዲፒን ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ከሆነ ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ወርዶ ከተቀመጡበት ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል። ናይጄሪያ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች ለ30 ቀናት በየቀኑ የጠጅ ሳር ሻይ ጠጥተው በተመረመሩበት ጥናት ኩላሊት ደም የሚያጣራበት መጠን ቀንሶ ታይቷል፤ መጠኑ ሲበዛ ቅናሹም በዝቷል። የቆየ ግፊት ብዙ ጊዜ ኩላሊትን የሚነካ በመሆኑ ይህ ለእናትዎ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በቀን አንድ ሲኒ፣ ቀጠን ያለ፣ በየቀኑም ሳይሆን አልፎ አልፎ ይጠጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ የኩላሊት ምርመራም ይጠይቁ። ኩላሊቱ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር እንደ መድኃኒት አዘውትሮ አይጠጣው። በብልቃጥ የሚሸጠው የጠጅ ሳር ዘይት በፍጹም አይጠጣ፤ ቆዳ ላይም ሳይቀጠን አይቀባ፣ ያቃጥላል። ለመታሸት ከሆነ ለሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ከስድስት ጠብታ አይበልጥ፣ ሕፃን ላይም አይደረግ።

በር ላይ የተተከለ ጠጅ ሳር ትንኝ አያባርርም። ዘይቱ ቅጠሉ ውስጥ የታሰረ ነው፤ ካልተቀጠቀጠ ወደ አየር የሚወጣው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ተጨምቆ የተቀባው ዘይትም ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የወባ ትንኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ ትነክሳለች። ኮምቦልቻ ወባ የሚደርስባት ከተማ ናት፤ ዘመዶችዎ ሳሩን ለውበቱ ያቆዩት፣ አልጋው ላይ ግን አጎበር ይዘርጋ፣ ጓሮ ያለው ያቆረ ውሃም ይደፋ።

ለደሴ ግቢዎ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ መጋቢት ላይ ግንጣዮቹን ለሁለት ይክፈሉ። ግማሹ ፊቱን ወደ ደቡብ በሰጠ ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ይተከል። ግማሹ አፉ በተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ፣ ከታች ስድስት ሰባት ቀዳዳ ተበስቶለት፣ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ይግባ፤ በአንድ ጀሪካን አንድ ግንጣይ ብቻ። ጥቅምት ሲያልቅ ጀሪካኑን ማታ ማታ ወደ በረንዳ ወይም ኩሽና ያስገቡ፣ ቀን ፀሐይ ላይ ያውጡት። መሬት ላይ ያለው ውርጭ ቢወስደው እንኳ የሚቀጥለው መጋቢት ግንጣይ ከጀሪካኑ ይገኛል። ጀሪካን ውስጥ ያለው አፈር በፀሐይ ወራት ቶሎ ስለሚደርቅ፣ እሱን በየሦስት ቀኑ በጣትዎ ይፈትሹት።